በሙሉ ድምፅ፣ ከአንድ ጉልበት በስተቀር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? አንቺንም፣ ሥራሽንም፣ ያንን አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰቀለ የኪራይ ክፍልሽንም እንደምን ናችሁ እላለሁ። አከራይሽ ውኃውን መቆለፍ ተዉ ወይስ አሁንም በቁልፍ ነው የምትታጠቢው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከወገቤና ከዓይኔ በቀር ሙሉ ጤና ነኝ። በልጉ ዘግይቷል፤ ሰዉ ሰማይ ሰማይ እያየ አንገቱን ታሟል። ብርዱ ግን አልዘገየም፤ በሰዓቱ ይመጣል፣ በሰዓቱ አይሄድም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ስልክ አለ፤ ሲኖር። ኔትወርኩ በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ ይልና ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ይሄዳል። ደግሞ የምነግርሽ ነገር «ሃሎ፣ ይሰማል?» እየተባለ የሚነገር አይደለም። ይህን ለሚኒባሱ ሾፌር እሰጠዋለሁ። ከፍቶ ቢያነበውም ከሁለተኛው ገጽ አያልፍም፤ ተማሪዬ ስለነበር አውቀዋለሁ።

የቅዳሜ ገበያችን ሊነሣ ነው። ወይም ሊነሣ ነበር። የቱ እንደሆነ ራሴም ገና አልገባኝም፤ እስከ መጨረሻው ጽፌው ልይ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ባለሀብት ገበያው ባለበት ሜዳ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሱፐርማርኬት ልሥራ ብሎ ጠየቀ። ባለሀብቱን ያየው የለም። ፎቁን ግን ሁላችንም አየነው፤ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። በሥዕሉ ላይ ዘንባባ አለ። በመንዝ ዘንባባ! ከዘንባባው ሥር አጭር እጅጌ ሸሚዝ የለበሱ ወጣቶች እየሳቁ ይሄዳሉ። መምሬ አወቀ በመቋሚያቸው ተደግፈው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «እነዚህ የማን ልጆች ናቸው? ይበርዳቸዋል እኮ» አሉ።

ገበያተኛውስ የት ይሂድ ሲባል፣ ከወንዙ ማዶ ቦታ ተዘጋጅቶለታል ተባለ። ቦታውን ታውቂዋለሽ፤ ክረምት ክረምት በሬ የሚሰምጥበት ረግረግ ነው። ቁልቁለቱን ወርደሽ፣ በድንጋይ ላይ ተሻግረሽ፣ እንደገና ዳገት መውጣት ነው፤ ያውም ገብስ አዝለሽ። ደግሞ የኛ ገበያ ተነሥ ሲሉት ዝም ብሎ የሚነሣ አይደለም። እያንዳንዷ ሻጭ የምትቀመጥበት ድንጋይ ከእናቷ የወረሰችው ነው። ካርታ የለው፣ ፕላን የለው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አንዲት ሴት በሌላዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለአራስ ጎረቤቷ ቦታ ስትጠብቅላት። ድንጋዮቹን ነቅሎ ማዶ ይውሰዳቸው ቢባል እንኳ፣ የማን ከማን አጠገብ እንደሆነ የሚያውቅ መሐንዲስ ከየት ይመጣል?

በሁዳዴ ሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሕዝቡ ለውይይት ተጠራ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አዳራሽ ጢም አለ። ሰብሳቢው ታዲዮስ ነው፤ ካንቺ ሁለት ክፍል ቀድሞ የተማረው፣ አሁን ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ የኢንቨስትመንት ኃላፊ። ሰባተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሲናገር የሚሳሳተው ሁሉ በከፊል የኔ ዕዳ ነው።

ታዲዮስ ስለ ማቀዝቀዣው ብቻ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ቅቤ ሳይበላሽ ወር የሚቆይበት ዘመናዊ ማቀዝቀዣ ይመጣል አለ። አዳራሹ ውስጥ ጋቢ ወይም በርኖስ ያልደረበ እሱ ብቻ ነበር፤ በኮቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ያሲን፣ ያ ከቆላ በርበሬና ጨው የሚያመጣልን ነጋዴ፣ እጁን አወጣና፣ «ይቅርታ አቶ ታዲዮስ፣ እዚህ አገር ቅቤ የሚያበላሽ ምን አለ? እኛ የተቸገርነው የሚያቀልጠው አጥተን ነው» አለው። ታዲዮስ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ሰው ሲቀርበው ራሱ ይከፈታል አለ። እትዬ የትምወርቅ ከኋላ ሆነው፣ «ለሁሉም ሰው?» ብለው ጠየቁት። «ለሁሉም፣ እማማ» አላቸው። «ታዲያ በር ምን ይሠራለታል?» አሉት።

እትዬ የትምወርቅን መቼም አትረሻቸውም። ከኮሶው ዛፍ ሥር ገብስና የጓሳ ሣር ገመድ የሚሸጡት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ቆሎ ሳያዘግኑሽ የማያሳልፉሽ። አሁን ጉልበታቸው ክፉኛ ታሟል። አንዴ ከተቀመጡ የሚያነሣቸው ሁለት ሰው ይፈልጋሉ።

ውይይቱ እንዲህ ሲንዛዛ ስድስት ሰዓት ተቃረበ። ጾም ነው፤ ቅዳሴው በስድስት ይገባል። ታዲዮስ ሰዓቱን አየና፣ «እንግዲህ ፕሮጀክቱን የምትደግፉ ከመቀመጫችሁ ተነሡ» አለ። መምሬ አወቀ ደግሞ ከፊተኛው ወንበር በዚያችው ቅጽበት ሰዓታቸውን አይተዋል። ቅዳሴው ሊያመልጣቸው ነው። መስቀላቸውን አውጥተው ብድግ አሉና ጉባኤውን በጸሎት ይዘጉት ጀመር። ካህን ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ሲል ተቀምጦ የሚቀር ሰው መንዝ ውስጥ ገና አልተወለደም። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ያሲንና አብረውት የመጡት ሁለት ነጋዴዎች እንኳ ለክብሩ ብለው ቆሙ። ታዲዮስ ዙሪያውን አየ፤ እሱም አማተበ። ጸሎቱ እንዳለቀ፣ «በሙሉ ድምፅ» አለ።

ሰዉ አልሰማውም። ወደ ቅዳሴ እየሮጠ ነበር።

ያልተነሣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እትዬ የትምወርቅ ተቀምጠው አማተቡ። በቃለ ጉባኤውም እንዲህ ተጻፈ፦ «አንድ መቶ አርባ ሁለት ተሰብሳቢዎች ከመቀመጫቸው በመነሣት ፕሮጀክቱን ደግፈዋል፤ አንድ ተቃውሞ ተመዝግቧል።» በሰባ ምናምን ዓመታቸው የመጀመሪያውን የፖለቲካ አቋም ጉልበታቸው ወሰደላቸው።

ቅዳሜ ገበያተኛው ሲመጣ በድንጋዮቹ መሐል ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ተተክሎ ቆየው። ሴቶቹ በኮከቤ እየተመሩ እኔ ዘንድ መጡ። ኮከቤ ቅቤ ሻጯ ናት፤ ድምፅዋን እዚያ ሆነሽም ሳትሰሚው አትቀሪም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ እየጻፍሁ እንደምውል ታውቂያለሽ። «መምህር፣ ለጸሎት ነው የቆምነው። እግዚአብሔርን ስናመሰግን ገበያችንን ሸጡት። የሚያስለቅስ አድርገው ይጻፉልን» አለችኝ። ጻፍሁ። ልጄ፣ ከጻፍኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነበር። ስልሳ አንድ ሴት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈችበት። በሳምንቱ መልስ መጣ፤ «በቃለ ጉባኤ ደጋፊ ሆኖ የተመዘገበ ሰው በደገፈው ጉዳይ ላይ ቅሬታ ማቅረብ አይችልም፤ በስብሰባው ያልተገኘም እንዲሁ» ይላል። ጉዳዩ እንዲታይ ማመልከት የሚችል ከተማው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ እትዬ የትምወርቅ እንደ ጽላት ይጠበቁ ጀመር። ውኃ የምትቀዳላቸው፣ እንጨት የምትፈልጥላቸው ተራ ገባች። ጠበል ይሂዱ ያለች ሞኝ ብትገኝ ኮከቤ ተቆጣቻት። «ዛሬ ድነው ነገ ዘለው ቢነሡ ምን ልንል ነው? ለፋሲካ ይድናሉ!» አለቻት።

በዚህ መሐል አንድ ከሰዓት እትዬ የትምወርቅ እኔ ቤት መጡ። ያሲን በባጃጅ አምጥቶ፣ ደግፎ አስገብቶ፣ ውጭ ቆየ። የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡና አንብብልኝ አሉኝ። አነበብሁላቸው። እንደገና አሉኝ፤ እንደገና አነበብሁ። ከዚያ፣ «ይህን የጻፈው ሰው እዚያው ነበረ?» ብለው ጠየቁኝ። ነበረ አልሁ። «ሲጸለይ ይሰማ ነበር?» አሉ። ይሰማ ነበር አልሁ። ወረቀቱን አጣጥፈው መልሰው ቋጠሩት። ከዚያ በኋላ ያሉኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦ «እኔስ ጉልበቴን ነው። እርስዎ ምንዎን ነው ያመመዎት፣ መምህር?»

አዎ ልጄ። የቃለ ጉባኤው ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። እስካሁን «ተጻፈ» እያልሁ ያመለጥሁሽ ለዚህ ነው፤ አማርኛ ለሚሸሽ ሰው የተመቸ ቋንቋ ነው፣ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። በዚህ ከተማ እጅ ጽሑፉ የሚነበብ ስለሌለ ስብሰባ ሲኖር እኔን ይጠሩኛል። ስሕተት ነበር እንዳልልሽ፣ ጸሎቱ እንዳለቀ ያሲን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «መምህር፣ ምን ላይ ነው የቆምነው?» ብሎኛል። «ጸሎት ላይ» ብዬ መለስሁለት። መለስሁለትና አጎንብሼ «ደግፈዋል» ብዬ ጻፍሁ። ታዲዮስ አላስገደደኝም። «ይጻፉ እንግዲህ ጋሼ» ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ደግሞ ሄጄ በገዛ ቃለ ጉባኤዬ ላይ የሚያስለቅስ ማመልከቻ ጻፍሁ። ሁለቱም በአንድ እስክሪብቶ።

እትዬ የትምወርቅ ሲጠይቁኝ ግን ያሲንን ጠርቼ ባጃጁ ላይ እንዲያሳፍራቸው ነገርሁት።

ማክሰኞ ዕለት በእትዬ የትምወርቅ ስም የገባውን ቅሬታ ለመስማት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ተቀመጠ። ጽሕፈት ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። እትዬ የትምወርቅን ያሲንና ሌላ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ደረጃውን እንደ ታቦት በዝግታ አወጧቸው። ሴቶቹ ከኋላ ተከተሉ፤ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ኮከቤ ለሦስት ቀን ስታስጠናቸው ሰንብታለች፤ «ለምን ተቃወሙ ሲሉዎት፣ ገበያው የእናቶቻችን ነው ብዬ ነው ይበሉ። ሌላ እንዳይጨምሩ» ብላቸዋለች። እሳቸውም «እሺ» ብለዋል።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አብነት የምትባል፣ ከሌላ አገር ተዛውራ የመጣች፣ የምትሰማ ሴት ናት። «እማማ፣ ለምንድን ነው የተቃወሙት?» ብላ በአክብሮት ጠየቀቻቸው።

«ማን፣ እኔ?» አሉ።

«አዎ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት የተቃወሙት።»

እትዬ የትምወርቅ ወደ ኮከቤ አዩ፤ ኮከቤ ቅንድቧን አነሣች። ወደ ጣራው አዩ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው፣ «ሁዳዴ ነው ልጄ፣ አልዋሽሽም። አልተቃወምሁም፤ መነሣት አቅቶኝ ነው። ቢቻለኝ ለአባታችን ሆይ ማን ይቀመጣል?» አሉ።

ኮከቤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ያሲን ቀስ ብሎ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ። ወይዘሮ አብነት፣ «እንግዲያው ተቃዋሚ የለም ማለት ነው» ብላ መዝገቡን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች። ታዲዮስ ከጥጉ ኮቱን ቆለፈ።

እኔ ከኋላ በሩ አጠገብ ነበርሁ። እትዬ የትምወርቅ ዞረው አላዩኝም። ቢያዩኝ ይቀለኝ ነበር፤ በእልህ ዝም እል ነበር። አንዲት ማንበብ የማይችሉ ሴት ባንዲት ቀላል ውሸት የሚያተርፉትን ገበያ፣ ጾም ነው ብለው ሲተዉት አየሁ። እኔ ያንኑ ጾም እየጾምሁ ነው «ደግፈዋል» ብዬ የጻፍሁት። ተነሣሁ። ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ ሰዉ ለጸሎት እንደቆመ እያወቅሁ ደገፈ ብዬ ጽፌአለሁ አልሁ።

ወይዘሮ አብነት ጥሩ ሰው ናት ብዬሻለሁ። መውጫ ሰጠችኝ። «ተሳስተው ከሆነ ማረሚያ ይጻፋል፤ አውቀው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። አስበው ይመልሱ» አለችኝ።

«አውቄ ነው» አልሁ።

«ለምን?» አለችኝ።

መዋሸት አልቻልሁም፤ እውነቱንም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር አልፈለግሁም። ዝም አልሁ። ሳሌም የምትባል የኮሚቴው ጸሐፊ አለች፤ «ዝም አሉ» ብላ ጻፈች። ያየችውን ነው የጻፈችው። ተማሪዬ አልነበረችም።

ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ተሰረዘ። ችካሎቹ ይነቀላሉ ተብሏል፤ እስከ ዛሬ ሁለቱ ተነቅለዋል። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ አዲስ ስብሰባ ይጠራል፤ ድምፁ በእጅ እንዲሆን፣ ካህናትም ከድምፁ በኋላ እንዲጸልዩ በጽሑፍ ታዟል። እኔ ከእንግዲህ ማመልከቻ መጻፍ ተከልክያለሁ። ነገሩ ለዐቃቤ ሕግ ይመራል ይላሉ፤ ይመራል ማለት ደግሞ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም ማለት ነው፤ አትጨነቂ። ደክሞኛል እንጂ አልፈራሁም። እውነቱን ልንገርሽ፣ በአዲሱ ስብሰባ ሰዉ እጁን አውጥቶ በገዛ ፈቃዱ ሱፐርማርኬቱን ሊደግፈው ይችላል። ወጣቱ ዘንባባውን ወዶታል። ያኔ ቢያንስ የወደደውን ነው የሚጻፍለት።

ከጽሕፈት ቤቱ ስንወርድ የእትዬ የትምወርቅን ወንበር ባንድ በኩል የያዝሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ «ለልጅዎ ይንገሯት» አሉኝ። ምኑን ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ ምን አውቄ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ይህን ደብዳቤ የጀመርሁት ያን ዕለት ነው።

ሌላ ወሬ ብዙም የለም። ከስብሰባው በፊት በነበረው እሑድ ታዲዮስ እኔ ቤት መጥቶ ነበር፤ ስላንቺ ጠየቀኝ። አሁንም በሱፐርማርኬት ውስጥ ተቆጣጣሪ ነሽ ወይ አለኝ። አዎ አልሁት። መጥታ ታውቃለች ወይ አለኝ። ለእናቷ ሙት ዓመት መጥታ ነበር አልሁት፤ አምስት ዓመት ሆኗል አላልሁትም፤ እሱ ራሱ ቆጠረው። የሥራ ልምድ ላለው የአካባቢው ተወላጅ ቅድሚያ ይሰጣል ብሎ አንድ ቅጽ አስቀምጦልኝ ሄደ። ያን ቅጽ ሞልቼው ነበር፤ ሥራ ከመፍታት ብዬ። ሐሙስ ዕለት ታዲዮስ በሰው እጅ መለሰው፤ «ለእርስዎ ብዬ ነበር እኮ፣ ጋሼ» የሚል ጫፉ ላይ ተጽፎበታል። አልተቀየምሁትም። ስምሽን አሳምሬ ነበር የጻፍሁት።

ጓዳው አጠገብ ያለችውን ክፍል ደግሞ በየካቲት አስለቅልቄያታለሁ። መስኮቷ መስተዋት ገባለት፤ ያ ከታች የሚነፍሰው ብርድ ቀርቷል። ምክንያት የለኝም፤ ግድግዳው ስለተሰነጠቀ ነው። አዲሷ አዋላጅ ነርስ አይታት ልከራያት ብላለች፤ ጨዋ ልጅ ናት። እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም። ቁርጡን ከፋሲካ በኋላ እነግርሻለሁ ብያታለሁ።

ለፋሲካ ነይ አልልሽም። በዓል ሲደርስ እናንተ ዘንድ ሥራ እንደሚበዛ አውቃለሁ። መንገዱ ግን ከሰኞ ጀምሮ ተከፍቷል፤ ሚኒባሱም ከደብረ ብርሃን በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው ሲሞላ።

እመ ብርሃን በምትሄጂበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እህል ውኃሽ ይባረክ፤ ከክፉ ሰው ዓይን፣ ከሐሰተኛ ሰው እጅ ትጠብቅሽ፤ የኋለኛውን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው። የእናትሽ ጸሎት አይለይሽ።

አባትሽ